የሃንዲሶ ቋጠሮ

በጆሃንስበርግ ሜይፌር ሰፈር በሚገኘው ቤቱ ግቢ ድንኳን ተጥሎ፣ የሃንዲሶ አስከሬን ወደ ሆሳዕና የሚሳፈርበትን ቀን እየጠበቅን ሳለ፣ ከደርባን የመጣው ታናሽ ወንድሙ ሳሙኤል ለመናገር ተነሣ። መካከል ላይ ድምፁ ተቆራረጠ፤ በዚህ አልነቅፈውም፣ ወንድም ነው። የምነቅፈው ያለውን ነው። «ወንድሜ የሌላ ሰው እጅ የነካው አንድ ቦንዳ እንኳ ከሱቁ ሳያስወጣ ነው የሞተው» አለ። ድንኳኑ በሙሉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ነጋዴም «እንዲህ ያለ ትጉህ ከእንግዲህ አይገኝም» ብለው ተነፈሱ።

የተባለው እውነት አይደለም። ውሸትነቱ ብቻ ቢሆን ግን ዝም ባልኩ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ስለ ሟች ትንሽ ማጋነን የተለመደ ነው። እኔን ያስቆጣኝ፣ ሃንዲሶን ወደ ሞት ያፋጠነውን አመል እንደ ሜዳልያ አንሥተው ደረቱ ላይ ሲሰኩለት፣ በሕይወቱ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ የከበደውን አንዱን ደግሞ ከስሙ ላይ ሲፍቁት ማየቴ ነው። ቁጣዬ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ይህንንም የምጽፈው እንዲበርድልኝ አይደለም።

ሃንዲሶ ያገራችን ነጋዴዎች በሞሉበት የጆሃንስበርግ ገበያ፣ በጀፕ ጎዳና ላይ፣ የብርድ ልብስ ጅምላ ሻጭ ነበር። ሱቁ ያለው ቀድሞ የሐኪሞች ቢሮ በነበረ፣ አሁን ግን ክፍሉ ሁሉ ተሸንሽኖ ለነጋዴ በተከራየ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ ዕቃ የሚወጣውም የሚወርደውም በደረጃ ነው። ሰውየው ቁመቱ አጠር፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ጣቶቹ ከሲባጎ ጋር በመታገል ብዛት እንደ ቀንድ የደደሩበት ነበር። እኔ በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አስተዳደር የተማርኩ፣ ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረስኩ፣ ጡረታ ስወጣ ልጄ ወዳለበት ወደ ጆሃንስበርግ የመጣሁ ሰው ነኝ። ከሕንፃው አከራይና ከአስመጪዎች ጋር የሚጻጻፈውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እያዘጋጀሁለት፣ አብዛኛውን ቀኔን ከሱቁ ጥግ ባለች ጠረጴዛ አሳልፍ ነበር። በዕድሜ ስለምበልጠው እሱ «ጋሽ መኰንን» ይለኛል፤ እኔ «አንተ» እለዋለሁ።

ስለ ቋጠሮው ሳልናገር ስለ እሱ መናገር አልችልም። ደንበኞቹ በየሩቁ ከተማ ትንንሽ ሱቅ የከፈቱ ያገራችን ልጆች ናቸው። በስልክ ያዝዛሉ፤ ብርድ ልብሱ ተጠቅጥቆ፣ በቦንዳ ታስሮ፣ በሚኒባስ ታክሲ ይላክላቸዋል። ቦንዳው መንገድ ላይ ተከፍቶ አንድ ሁለት ፍሬ ቢወጣበት ተቀባዩ በምን ያውቃል? በቋጠሮው ነው። ጀፕ ላይ እያንዳንዱ ጅምላ ሻጭ የራሱ አስተሳሰር አለው፤ ተቀባዩ ከታክሲው ዕቃ ሲረከብ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ቋጠሮው የላኪው ካልሆነ አልረከብም ይላል፤ ሾፌሩም ይህን ስለሚያውቅ እጁን ይሰበስባል። የሃንዲሶ ቋጠሮ ሲባጎው በራሱ ላይ ደጋግሞ ከዞረ በኋላ ጫፉ ወደ ውስጥ ተመልሶ የሚሰወር ነበር፤ አንዴ ከተፈታ እንደነበረ ለመመለስ የእሱን ጣቶች ይጠይቃል። ወደ ፖሎክዋኔ በሚወስደው በሊምፖፖ መስመር የሚሠራው ሲፖ የሚባል ሾፌር፣ «የማዳላው ቦንዳ ከተጫነ እኔ ሐሳብ የለኝም፣ ሌባው ራሱ አይቶ ያልፈዋል» እያለ ይቀልድ ነበር። ማዳላ የሚሉት ሽማግሌን ነው።

ቋጠሮውን እኔም አደንቀው ነበር። ያናደደኝ ከሃንዲሶ በቀር ማንም እንዲያስረው አለመፈቀዱ ነው። ደግሞም በቋጠሮው ብቻ አላበቃም። ብርድ ልብስ የሚያጥፍ ሠራተኛ ካየ «ስጠኝ» ይላል፤ ቀምቶም ያጥፈዋል። ሳጥን የሚከፍት ሰው ካየ «ስጠኝ» ይላል። መጥረጊያ የያዘችውን የጽዳት ሠራተኛ እንኳ «ስጪኝ» ብሎ ጥጉን ራሱ ሲጠርግ አይቻለሁ። ሠራተኞቹ ከኋላው ሆነው እጃቸውን ዘርግተው፣ ትከሻቸውን ሰፋ አድርገው «ስጠኝ» እያሉ በሱ አካሄድ ሲሄዱ እኔም ሳልወድ እስቅ ነበር። ሰው ደግሞ ይህን ሲያይ ያመሰግነዋል። «ባለቤት ሆኖ እንደ ቀን ሠራተኛ ይለፋል» ይባልለታል። ሥራን ለሌላ ሰው በአግባቡ ማስረከብ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው ሥራ መሆኑን፣ በእኛ ሰው ዘንድ ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። የሚሰጡኝ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ይህ የሰነፍ ሰው ዘዴ ነው ይሉኛል።

ሱቁን ከእሱ ቀጥሎ የምታውቀው ምሕረት ነበረች። ከከምባታ የመጣች፣ ዕድሜዋ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ከደንበኛ ጋር በዙሉ ቋንቋ የምትቀልድ፣ ከሾፌር ጋር በዙሉ የምትጣላ ሴት ናት። ማን መቼ እንደሚያዝዝ፣ የትኛው ታክሲ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ የትኛው ሾፌር ዕቃ እንደሚወረውር ታውቃለች። ከሃንዲሶ ጋር ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ ቋጠሮውንም በማየት ብቻ ለምዳዋለች። ሥራውን ያልሰጣት የማትችለው ነገር ኖሮ አይደለም እንግዲህ።

ሃንዲሶ ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ እየቆመ ግድግዳ መደገፍ የጀመረው ብርዱ ከመግባቱ በፊት ነው። ሐኪሙ የልቡ ቫልቭ እንደ ጠበበና ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ነገረው፤ ቀጠሮም ተሰጠው። ቀጠሮው ሲደርስ አልሄደም። ብርዱ እየገባ ነው፣ ብርድ ልብስ የሚሸጠው አሁን ነው አለ። ሌላ ቀጠሮ ተሰጠው፤ ያንንም አሳለፈው። እኔ ጠረጴዛዬን ትቼ ተነሥቼ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ቦንዳውን ማን ያስራል፣ ጋሽ መኰንን?»

«ምሕረት ታስራለች። አትችልም ትላለህ?»

«ትችላለች። ማን አትችልም አለ?»

«እንግዲያው ስጣት።»

በማግስቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመላኪያው ሥራ የምሕረት መሆኑን ተናገረ። እኔ የዋህ ሆኜ ደስ አለኝ። የሰጠው እንዴት እንደሆነ ያየሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ምሕረት ቦንዳ አስራ ወደ ደረጃው ታስጠጋለች፤ ከሾፌር ጋር ለመነጋገር ወደ ታች ስትወርድ ሃንዲሶ ተንበርክኮ ይፈታዋል፣ እንደገናም ራሱ ያስረዋል። እያለከለከ ነው የሚያስረው፤ ላቡ በብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። አየሁህ ስለው፣ ትንሽ ላላ ብሎብኝ ነው ይላል። ይህ በየቀኑ ሆነ። ምሕረት ታውቅ ነበር፤ የራሱን አስተሳሰር የማያውቅ ሰው አለ? ግን የሚቀጥለውን ቦንዳ ማሰሯን ትቀጥላለች። በዚህ መንገድ አንዱ ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል፣ ሁለት ሰውም ያደክማል፣ ማንም ግን ኃላፊነቱን አልያዘም። ይህን ደግነት ነው የሚሉኝን ሰዎች ፊት ለፊት አግኝቼ ልጠይቃቸው እወዳለሁ፤ ሴትዮዋን በአደባባይ ሹሞ በስውር መሻር ከየት ወገን ነው ደግነት የሚሆነው?

አንድ ቀን የማይቀረው ደረሰ። ሁለት ቦንዳ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ወደ ፖሎክዋኔ፣ ሌላው ወደ ሩስተንበርግ የሚሄድ ነው። ሃንዲሶ ሁለቱንም ፈታ፤ መልሶ ሲያስር አድራሻ የተጻፈበትን ካርቶን አለዋወጠው። የፖሎክዋኔው ደንበኛ፣ ጴጥሮስ የሚባለው፣ ድርብ ብርድ ልብስ አዝዞ የሕፃን ብርድ ልብስ ደረሰው። የመጀመሪያው ከባድ ብርድ የገባበት ሳምንት ነበር፤ ገበያው አመለጠው። በስልክ ሃንዲሶ ላይ ጮኸ፤ ሃንዲሶ ደግሞ ሠራተኞቹና ሲፖ ባሉበት ምሕረት ላይ ጮኸ። መላኪያው ያንቺ አይደለም ወይ አላት።

እኔ ከጥጌ ተነሥቼ፣ ማን እንደፈታውና ማን እንዳሰረው አይቻለሁ አልኩ። ሃንዲሶ መሬት መሬት አየ፤ ይቅርታ ግን አላለም። ምሕረት የያዘችውን የሲባጎ ጥቅል በቀስታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሥራውን አልሰጡኝም» አለችው። «የሰጡኝ ጥፋቱን ብቻ ነው።»

እኅቷ ከከተማው ወጣ ባለው ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ አላት፤ ወደዚያ ሄደች።

ከእሷ በኋላ የሆነውን ማሳጠር ይሻለኛል። ሃንዲሶ ሁሉንም ብቻውን ያዘ፤ ሰዎችም «አይ ጥንካሬ» አሉ። አንድ ጠዋት ቦንዳ ተሸክሞ ሲወርድ ደረጃው መሀል ላይ ወደቀ። ሐኪሙ አዲስ ቀጠሮ ሲሰጠው፣ ይህንንም ካሳለፍክ ሌላ ቀጠሮ ላያስፈልግህ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀው። ባለቤቱ ወይዘሮ አበበች አለቀሰች፣ ለመነች። እሱ ግን በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ስልኩን ከጆሮው አላነሣም፤ የሚደውሉለትም እዚያ ድንኳን ውስጥ ራሳቸውን ሲነቀንቁ የነበሩት ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም «አንተ ተኛ፣ እኛ እናስራለን» አላሉትም። «መቼ ትወጣለህ፣ ዕቃችን ቆሟል» ነው ያሉት።

ሲወጣ ቤቱ ሄጄ፣ በዕድሜዬ ተናግሬው በማላውቀው ቃል ተናገርኩት። ለሚስትህና ለልጆችህ የምታወርሳቸው ሱቅ ሳይሆን አንተ ስትሞት አብሮህ የሚቀበር ሱቅ ነው አልኩት። ትምክህት ነው እንጂ ትጋት አይደለም አልኩት። እሱም ኮዝሞ ሲቲ ታክሲ ከየት ነው የሚያዘው ብሎ ጠየቀኝ።

አብረን ሄድን። ምሕረት ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆማ ለአንዲት ሴት ዳቦ እየሰጠች ነበር። ሃንዲሶን ስታይ ሰላም አለችው፤ ግን በሩን አልከፈተችም። እሱ በፍርግርጉ በኩል፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተራውን ጠብቆ፣ ካርቶኑን ያለዋወጥኩት እኔ ነኝ፣ የጮኽኩትም ያለ አግባብ ነው አላት። የመጣሁት እንድትመለሺ ልለምን ነው አላት።

«ብመለስ የራሴን ቋጠሮ ነው የማስረው» አለች። «የእርስዎን ማስመሰል አልፈልግም። ለደንበኞቹም እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው።»

«እሺ።»

«ሳስር ተቀምጠው ያያሉ። እጅዎ ሲባጎ ከነካ ግን ያን ቀን እሄዳለሁ፣ ጋሼ።»

«እሺ አልኩ እኮ» አለ፤ ድምፁ የተቆጣ ልጅ ድምፅ ይመስል ነበር።

የማልረሳው ቀን የሚቀጥለው ነው። ሃንዲሶ በርጩማ አስመጥቶ ከማሰሪያው ቦታ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ምሕረት የመጀመሪያውን ቦንዳ ዘረጋች። የእሷ አስተሳሰር ከእሱ የተለየ ነበር፤ ጫፉን ወደ ውስጥ አትሰውረውም፣ ወደ ላይ አውጥታ በአረንጓዴ ክር ትጠመጥመዋለች። ገና መጠምጠም ስትጀምር የሃንዲሶ ክንድ ሳያዘው ተዘረጋ፤ አፉም «ስጪ...» ብሎ ጀመረ። እሷ ቀና ብላ አየችው። አፉን ዘጋ። ከዚያም ሁለቱን እጆቹን፣ እነዚያን የደደሩ ጣቶች፣ ከጭኖቹ ሥር አስገብቶ በላያቸው ላይ ተቀመጠባቸው።

ቦንዳው ላላ ብሎ ነበር። እኔ እንኳ ከጥጌ ሆኜ አይቼዋለሁ። የሃንዲሶ የግንባሩ ሥር ተነፋ። እጆቹን ግን ከጭኖቹ ሥር አላወጣም። ምሕረት ቦንዳውን በጉልበቷ ተጭና ሞከረችው፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ራሷ ፈታችው፣ ራሷም እንደገና አጥብቃ አሰረችው። ስትጨርስ ወደ እሱ አላየችም። እሱም «ጎበዝ» አላላትም፤ ይህን በማለት ፋንታ ስልኩን አውጥቶ ደንበኞቹን አንድ በአንድ ጠራ። ከእንግዲህ ከእኔ ሱቅ የሚመጣ ቦንዳ አረንጓዴ ክር ያለበት ነው፤ ያሰረችውም ምሕረት ናት፤ እሷ ያለችው እኔ ያልኩት ነው፣ እያለ ነገራቸው።

አብዛኞቹ እሺ አሉ። ጴጥሮስ ግን እንቢ አለ። ስልኩ ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ ተከፍቶ ስለ ነበር ሁላችንም ሰማነው።

«ጋሼ፣ እኔ የማውቀው የእርስዎን እጅ ነው» አለ። «የእርስዎን ቋጠሮ ካላየሁ ዕቃውን እመልሰዋለሁ።»

«መልሰው» አለው ሃንዲሶ። «ሲመለስ የምትረከበው እሷ ናት። ቅሬታም ካለህ ለእሷ ደውል፤ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ቦንዳ አላስርም።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ በላብ ርሶ ነበር። «ደስ አለዎት፣ ጋሽ መኰንን?» አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ከብርዱ በፊት፣ ከውድቀቱ በፊት፣ ከሁለቱ ቀጠሮዎች በፊት ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሱቅ የመጣው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሲመጣም በርጩማው ላይ እጁን ከሥሩ አድርጎ ይቀመጥ ነበር። በቀጠሮው ቀን ሆስፒታል ገባ። ስልኩን ለወይዘሮ አበበች ትቶላት ገባ። ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት፤ ልቡ ግን ሳይታከም ብዙ ስለ ቆየ አልቻለም። ሐኪሙ ያለውን እዚህ አልደግመውም፤ ቀደም ብሎ ስለ መምጣት የተናገረው ነገር ነበር፣ ለእኔም በቂዬ ነው።

እንግዲህ ሳሙኤል ያን ንግግር ያደረገው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። አልጨረሰምም ነበር። ደንበኞቹ የሚያውቁት የወንድሙን እጅ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ የደርባን ሥራውን ዘግቶ እስኪመጣ ሱቁ ይዘጋ፣ ከዚያም ሙያውን ከእጁ የተቀበለ ወንድም ይረከበው አለ። ለሠራተኞቹም «ይታሰብላቸዋል» ብሎ አከለ። ምሕረት ከሴቶቹ ጋር የውኃ ማሰሮ ይዛ ቆማ ነበር። ፊቷ አልተለወጠም፤ የሚሆነውን ስታውቀው የቆየች ትመስል ነበር።

ተነሣሁ። ካርቶኑ እንዴት እንደ ተለዋወጠ፣ በፍርግርግ በኩል የተለመነው ይቅርታ፣ በርጩማው፣ ከጭን ሥር የገቡት እጆች፣ አንዱንም ሳላስቀር ተናገርኩ። የምታወድሱት ሃንዲሶ ሰውየውን የገደለው ሃንዲሶ ነው፤ እኔ የማዝንለት በእጆቹ ላይ የተቀመጠው ሌላው ነው አልኩ። ድንኳኑ አጉረመረመ። ከኋላዬ ያሉት ነጋዴ ጋሽ መኰንን ጊዜው አይደለም አሉኝ። ሳሙኤል የሟች ስም በለቅሶው መሀል በክፉ አይነሣም አለ፤ ቀስ ብሎም፣ በጨዋ ቃል፣ የተማረ ሰው መናገር ያበዛል አለ። ጥቂቶች ፈገግ አሉ።

በዚህ መካከል አንድ አቧራ የለበሰ፣ ቦርሳውን ከትከሻው ያላወረደ ሰው ከድንኳኑ በር ቆሞ አየሁ። ከፖሎክዋኔ በሲፖ ታክሲ የመጣው ጴጥሮስ ነበር። እንደ ወጉ ለቤተ ሰቡ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካለ በኋላ፣ ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም። «ምሕረት የምትባለው የትኛዋ ናት?» አለ።

ማሰሮውን አስቀምጣ ወጣች።

«የሰሞኑ ቦንዳሽ ደርሶኛል» አላት። «ለመፍታት ብሞክር ብሞክር አቃተኝ። በቢላዋ ነው የቆረጥኩት።» ትንሽ አመነታና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚቀጥለውም እንደዚሁ ጠበቅ ይበል። ድርቡን ነው የምፈልገው።»

ለቅሶ ቤት ዕቃ ማዘዝ ነውር ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን እኔ ራሴ በተቆጣሁት ነበር። ምሕረት ወደ ሳሙኤል አየች። ሁሉም ወደ እሱ አየ። መልሱ የመጣው ግን ከፍራሹ ላይ፣ ከሟቹ ባለቤት ከወይዘሮ አበበች ነው።

«ሰኞ ትልክልሃለች» አለች። «ሱቁ አይዘጋም።»

ሳሙኤል ብድግ አለ፤ እጁንም ወደፊት ዘርግቶ ሊናገር አፉን ከፈተ። አጠገቡ ስለ ነበርኩ እጅጌውን ያዝኩት፣ ወንበሩንም አሳየሁት።

«ተቀመጥ» አልኩት። «እጆችህንም ወንድምህ እንዳደረገው ከጭኖችህ ሥር አድርጋቸው።»